የሚያበራ ማነጣጠሪያ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። 46 ዓመቴ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ጋዝ ስቴሽን በማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ዘግቼ መኪናዬ ድረስ ብቻዬን ነው የምሄደው። ፈቃድ አውጥቼ ግሎክ 19 ሽጉጥ በሸሚዜ ሥር እታጠቃለሁ። ሰሞኑን ሽጉጥ መሸጫ ብገባ ሻጩ «አንተ የማታ ሠራተኛ ሆነህ የሚያበራ ማነጣጠሪያ እንዴት አይኖርህም?» አለኝ። ዕቃው 120 ዶላር፣ ማስገጠሚያው 30 ነው። ባለቤቴ በዚህ ብር የልጆቹ ጫማ ይገዛል ትላለች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ጨረር ስላለው ወገብ ላይ ከዋለ ያመክናል ብሎ አስፈራራኝ። ምን ይሉኛል? በሚቀጥለው ወር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሠርግ አለብኝ፤ ታጥቄ ብሄድስ?
ብ.፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ለጊዜው ባለቤትህን ስማ። ብሩ የግድ ይውጣ ካልክም በቅድሚያ የሚገዛው ሌላ ዕቃ ነው።

ሻጩ ያሳየህ ማነጣጠሪያ ውስጥ ትሪቲየም የሚባል ጋዝ የታሸገባት ትንሽ የመስታወት ቱቦ አለች። ከጋዙ የሚወጣው ጨረር ቱቦዋ ውስጥ የተቀባውን ኬሚካል ያበራዋል። ባትሪ አይፈልግም፣ ብርሃን ላይ ማቆየትም አያሻውም። ሻጩ በመዳፉ ከለል አድርጎ ሲያሳይህ ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች፣ አንዱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ፣ ቦግ ይላሉ። እኔም በዚያችው መዳፍ ተሸንፌ ነው የገዛሁት።

አንድ ሌሊት ቤቴ ውስጥ ኮሽታ ሰምቼ ተነሣሁ። መብራት ሳላበራ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ሽጉጡን ሳነሣ ሦስቱ ነጥቦች እንደ ዶቃ ተሰድረው ታዩኝ። ከነሱ ወዲያ የቆመ ጥላ አለ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ለተኩስ ተማሪዎቼ እንደማሳየው ነበር የያዝኩት። «አባዬ፣ ውኃ ልጠጣ ነው» አለኝ ጥላው። ሳይነግረን ከኮሌጅ የመጣ ልጄ ነው። ጉልበቴ ከዳኝና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የ120 ዶላሩ ዕቃ የራሴን ሽጉጥ ቁልጭ አድርጎ አሳይቶኛል፤ የልጄን ፊት ግን አላሳየኝም።

በማግስቱ የእጅ ባትሪ ገዛሁ። አንተም መጀመሪያ የምትገዛው እሱን ነው። ኪስ የሚገባ፣ ጭራውን በአውራ ጣት ስትጫነው የሚበራ ይሁን። ሽጉጡ ላይ የሚታሰረውን ዓይነት ለአንተ አልመክርም፤ ማየት የፈለግከው ሁሉ ላይ አፈሙዝ ማዞር ይሆንብሃል። የእጅ ባትሪ ግን ቁልፍህንም ያሳይሃል፣ ከመኪናው ሥር ያለችውን ድመትም ያሳይሃል። ደግሞ ልብ በል፦ ባትሪው ሲበራ ማነጣጠሪያው በብርሃኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ጥርት ብሎ ይታያል። የዚያን ጊዜ ትሪቲየሙ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም።

ታዲያ መቼ ይጠቅማል? ሰውየው ማን እንደሆነ፣ እጁ ላይ ምን እንደያዘ በሚታይበት፣ ያንተ ሽጉጥ ጫፍ ግን ከጥቁር ልብሱ ጋር በሚመሳሰልበት ደብዛዛ ብርሃን ነው። ይህ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ማደያው ጣሪያ ሥር ሌሊቱም ቀን ነው። መኪናህን ከሕንፃው ጀርባ የምታቆም ከሆነ ከዛሬ ጀምረህ መብራት ሥር አቁማት፤ ይህ ዶላር አያስወጣህም። ካላመንከኝ ቤትህ ሞክረው፦ ሽጉጡን ባዶ አድርግ፣ ሁለት ጊዜ አረጋግጥ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል ተው። ጃኬትህን ሰው የሌለበት ግድግዳ ላይ ስቀልና መብራቱን አንድ በአንድ እያጠፋህ እይ። ማነጣጠሪያው ከጠፋብህ በኋላ ጃኬቱ ምን ያህል እንደሚቆይ ታየዋለህ።

ከሽጉጡ ጋር የመጣው ማነጣጠሪያ ፕላስቲክ ነው፤ የፊቱ ነጭ ነጥብ ያለው ነው። ከባለቤትህ ደማቅ ብርቱካናማ የጥፍር ቀለም ለምንና በነጩ ነጥብ ላይ ቀባው። እየሳቅሁ አይደለም! እኛ በወታደርነታችን ለሌሊት ጥበቃ የክላሽ ማነጣጠሪያ ጫፍ ላይ ነጭ ክር እንጠመጥም ነበር።

አንድ ነገር ግን ወደ ሻጩ ወገን ይስበኛል፤ ዕድሜህ። በ46 ዓመት ስልክህን ራቅ አድርገህ ማንበብ ሳትጀምር አልቀረህም። በክንድ ርቀት ያለው የፊት ማነጣጠሪያም እንደዚያው ይደበዝዛል። ስለዚህ አንድ ቀን ብር ሲተርፍህ ግዛ፤ ግን ሦስቱ ነጥቦች እኩል የሚያበሩትን አይደለም። አንድ ተማሪዬ በደብዛዛ ብርሃን የፊቱን ነጥብ በሁለቱ የኋላ ነጥቦች መሐል ማድረጉ ቀርቶ ከጎናቸው አሰልፎ ተኩሷል። ሦስት ነጥብ በአንድ መስመር ስላየ ልክ መሰለው፤ ጥይቱ ከኢላማው ወረቀት ውጭ ነው የሄደው። የፊቱ ደማቅ ቀለበት ያለው፣ የኋላው ጥቁር ወይም ፈዛዛ የሆነውን ምረጥ። ያገለገለ ከሆነ የተሠራበትን ዓመት ጠይቅ፤ የትሪቲየም ብርሃን በ12 ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል።

የባልደረባህን ወሬ ተወው። የትሪቲየም ጨረር በጣም ደካማ ስለሆነ የቱቦዋን መስታወት እንኳ አያልፍም። ለወገብህ የምታስብ ከሆነ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር ይኑርህ።

ሠርጉን በተመለከተ፦ የቨርጂኒያ ፈቃድህ ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረውን ዊልሰን ድልድይ አይሻገርም። ሜሪላንድ አይቀበለውም፤ ዲሲም አይቀበለውም፤ ብትያዝ ወንጀል ነው። ሽጉጡን ቤት ቆልፈህበት ሂድ። ባትሪዋን ግን ኪስህ ጨምራት፤ የሠርግ አዳራሽ ፓርኪንግ መቼም ጨለማ አያጣም።