«ቦርሳውን ሳያወርድ ወደ ድስቱ ይሄዳል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንድ ልጄ 14 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። ከመስከረም ወዲህ የምግቡ ነገር ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ ወደ ድስቱ ይሄዳል። እራት በልቶ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ደግሞ ማዕድ ቤት ቆሞ እንጀራ በቀዝቃዛ ሽሮ ሲበላ አገኘዋለሁ። ሳምንት ያደርሰን የነበረው እንጀራ አሁን አራት ቀን አይቆይም። ይህን ሁሉ በልቶ አንገቱና ክንዱ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ነው፤ አማቴ «ወስፋት ቢኖርበት ነው» ይላሉ፣ አባቱ ደግሞ ሲናደድ «ሆዳም» ይለዋል። ኳስ ስለሚጫወት ጓደኞቹ ስለ ፕሮቲን ዱቄት ነግረውት ግዢልኝ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ረቡዕና ዓርብን እንጾማለን። ሴት ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ እሷ እንኳ አታስቸግርም። የልጄ ረሃብ ጤናማ ነው ወይ? በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤትስ እንዲህ ያለውን ልጅ እንዴት ያጠግበዋል?

መልስ፦ ውድ እናት፣ በቅድሚያ ልብዎን ላሳርፈው፤ የገለጹልኝ ነገር በአብዛኛው የሚያድግ ልጅ ረሃብ ነው። ወንዶች ልጆች ከጉርምስና በፊት በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ያህል ያድጋሉ፤ ብዙዎቹ 13 እና 14 ዓመት ላይ ሲደርሱ ግን ቁመታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ 9 ወይም 10 ሴንቲሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይመዘዛል። በዚህ ጊዜ አጥንቱ ይረዝማል፣ ጡንቻው ይጨምራል፣ የደሙ መጠን ይበዛል፤ ይህ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ ከሚበላው ነው። በተለምዶ ቁመት ይቀድማል፣ ሥጋ ዘግይቶ ይከተላል፤ ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ክንዱ መቅጠኑ ብቻውን የሚያስፈራ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ እንደ እንቅስቃሴው በቀን ከ2,000 እስከ 3,200 ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ ኳስ የሚጫወት ከሆነ ቢሮ ተቀምጦ ከሚውል አባት የበለጠ ቢበላ የሰውነቱን ልክ መብላቱ ነው።

ምግቡ የት እየገባ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ ልጁን በባዶ እግሩ ከበር መቃን ጋር ቀጥ አድርገው ያቁሙትና ከራሱ ጫፍ ትይዩ በእርሳስ ያስምሩ፤ ቀኑንም ይጻፉበት። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ቦታ ይድገሙት። ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከጨመረ ያለቀው እንጀራ የት እንደደረሰ በዓይንዎ ያዩታል፤ አባቱም አብሮ ቢያየው መልካም ነው።

የአማትዎን ሥጋት አልንቀውም። በአማርኛችን የራበው ሰው «ወስፋቴ ጮኸ» ስለሚል ረሃብንና ትልን ማያያዛችን የቆየ ነገር ነው። እውነቱ ግን የሆድ ትል ብዙ ጊዜ የምግብ ፍላጎትን የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም። ቢሆንም ሆዱን የሚቆርጠው፣ የሚያቅለሸልሸው ወይም ፊቱ የሚገረጣ ከሆነ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ የሰገራ ምርመራ ያስደርጉለት፤ በግምት መድኃኒት ከመስጠት ይሻላል። ከዚህ ይልቅ እንዲጠነቀቁበት አጥብቄ የምለምንዎት ሌላ ነገር አለ። ልጁ ብዙ እየበላ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ውኃ ጥም ከበዛበት፣ ሽንቱ ከተመላለሰበትና ሌሊት ለሽንት መነሣት ከጀመረ በዚያው ቀን የደም ስኳር ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ይህ የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላልና ነገ ከነገ ወዲያ የሚባል አይደለም። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ቁጭ ባለበት ልቡ የሚመታና ያለ ምክንያት የሚያልበው ከሆነ ደግሞ ሐኪም የታይሮይድ ዕጢውን ይይለት።

አሁን ወደ ድስቱ ልመለስ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው የገባኝ፣ የልጅዎ ረሃብ ሰዓት ያለው መሆኑ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ከዚያም ከእራት በኋላ። ቁርስ ምን እንደሚበላ አልነገሩኝም፤ ነገር ግን በብዙ ቤት እንደማየው ሻይ በዳቦ ቀምሶ የሚወጣ፣ ምሳ ዕቃው ውስጥም የአምና ልክ እንጀራ የሚቋጠርለት ከሆነ፣ ማታ የሚበላው ቀን ያጎደለውን ነው። ስለዚህ የማታውን ለመከልከል ሳይደክሙ የጠዋቱንና የ10 ሰዓቱን ያጠንክሩ። ጠዋት ቅንጬ፣ ገንፎ ወይም ካደረው ወጥ የተሠራ ፍርፍር ይብላ፤ በፍስክ ቀን ሲቻል እንቁላል ይጨመርበት። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን ብረት በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋሉና፣ ሻዩን ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርቁት፤ በምትኩ ሰላጣው ላይ ሎሚ ቢጨመቅበት ወይም ብርቱካን ቢያገኝ ብረቱን ያግዛል።

የ10 ሰዓቱን «መክሰስ» ብለን ስለምንጠራው ይመስለኛል በብስኩት የምናልፈው። ለሚያድግ ልጅ ግን ራሱን የቻለ ማዕድ ነው። እኔ ከምንም በላይ የምመክረው ንፍሮ ነው። ሁለት እጅ ስንዴ ከአንድ እጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ ጋር ማታ ይዘፈዝፉ፤ ጠዋት ውኃውን ደፍተው በአዲስ ውኃ ይቀቅሉት፤ ሲበስል ጨው ነስንሰው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት። ልጁ ሲገባ ማንንም ሳይጠይቅ በጎድጓዳ ሳህን ይዝቃል። ይህ የቆየ ምግባችን ጥሩ የሆነበት ምክንያት አለው፤ በእህል ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በጥራጥሬ ውስጥ በብዛት ይገኛል፣ በጥራጥሬ የሚያንሰውም በእህሉ ይሟላል። ከገብስ፣ ከሽምብራና ከለውዝ የተቀላቀለ ቆሎም እንደዚያው ነው፤ ኪስ ውስጥ ይያዛል፣ አይበላሽም። ኳስ በሚጫወትበት ቀን በሶ በውኃና በጥቂት ማር በጥብጠው በጠርሙስ ቢሰጡት ከለስላሳ መጠጥ እጅግ ይሻለዋል። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ይህም ከ7 የሻይ ማንኪያ በላይ ነው፤ ከጠጣው በኋላም ረሃቡ ወዲያው ይመለሳል።

ቀጥሎ ስለ ወጡ አንድ ነገር ልበል፤ ይህ በብዙ ቤት ሲደረግ አይቼ የሚያሳዝነኝ ነው። ኑሮ ሲከብድ ወጡን እናቀጥናለን፣ ጎረምሳው ደግሞ ሆዱን የሚሞላው በእንጀራ ይሆናል። እንጀራ በውኃ የተሞላ ምግብ ስለሆነ ሦስት በልቶ ሲነሣ የጠገበ ይመስላል፤ ጥጋቡ ግን አይቆይም። ስለዚህ አራተኛ እንጀራ ከመጨመር ሽሮውን ያወፍሩት፤ ምስሩን አንድ እፍኝ ይጨምሩበት፤ ለእሱ ሁለት ጭልፋ ያውጡለት፤ ዘይቱንም አይንፈጉት፣ የሚያድግ ልጅ ቅባት ያስፈልገዋል። 100 ግራም ጥሬ ምስር፣ ማለትም ግማሽ የውኃ ብርጭቆ ገደማ፣ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ከ14 እስከ 18 ዓመት ላለ ወንድ ልጅ የሚመከረው የቀን መጠን 52 ግራም ስለሆነ፣ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ብቻ ቀረው ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ይጨምራሉ። ይህን ካሰሉ በኋላ ስለ ፕሮቲን ዱቄቱ የምሰጥዎ መልስ አጭር ነው፤ አይግዙለት። ለአንዱ ጣሳ የሚወጣው ገንዘብ ለምስር፣ ለእንቁላልና ለለውዝ ይዋል።

እንጀራውን በተመለከተ፣ የጤፉ ዋጋ ከከበደዎት ማሽላ ወይም ገብስ ቀላቅለው ቢጋግሩ ልጁ አይጎዳም። ሊጡ በሚገባ ሳይቦካ ግን አይጋግሩ። መቡካቱ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ፣ ሰውነት ከዚያው እንጀራ የበለጠ እንዲያገኝ ያደርጋል።

በጾም ቀናት ከባዱ ነገር የጾሙ ምግብ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ጥራጥሬው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ አቮካዶውና የለውዝ ቅቤው ተሟልቶ ከቀረበ ልጁ በጾም ምግብ ያድጋል። እስከ ስንት ሰዓት ይቆይ የሚለውን ግን፣ በተለይ ዐቢይ ጾም ሲመጣና ልጁ ትምህርትና ኳስ ባለበት ቀን፣ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ የልጁን ዕድሜና ሁኔታ ስትነግሯቸው የሚሆነውን ይመክሯችኋል። ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ስለሚያስፈልገው፣ ወተትና አይብ በማይበላባቸው ሳምንታት ጎመንና ሰሊጥ ከገበታው ባይጠፉ መልካም ነው፤ በፍስክ ደግሞ እርጎውን አይርሱ።

ማታ ሲርበው ይብላ። ማዕድ ቤት ቆሞ ከድስት ከሚበላ ግን ክዳን ያለው አንድ ሳህን ለእሱ ተብሎ ይቀመጥለት። ከዚያም በላይ ራሱ መሥራት ይልመድ። የእኔው ልጅ በ15 ዓመቱ የመጀመሪያውን ሽሮ ሲሠራ ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ገልብጦት ጓጉሎበት ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን ሽንኩርቱን አቁላልቶ ውኃውን ካፈላ በኋላ በአንድ እጁ ዱቄቱን እየነሰነሰ፣ በሌላው እያማሰለ፣ ተክ ተክ እስኪል ከምድጃው ሳይርቅ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት የራበው እንደሆነ የሚበላውን ያውቃል፤ ለታናሹም ያካፍላል።

ለባለቤትዎ ደግሞ ይህን ያንብቡላቸው። «ሆዳም» በአማርኛ ስለ ምግብ ብቻ የሚነገር ቃል አይደለም፤ ለሆዱ ሲል ሌላውን የሚሸጥ ሰው የሚጠራበትም ነው። ልጅ በሰውነቱ እድገት ምክንያት ይህ ስም ሲለጠፍበት ተደብቆ መብላት ይጀምራል፣ ወይም እየራበው ከገበታ ይነሣል። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ እባክዎ ቃሉ ከቤታችሁ ይውጣ።

በመጨረሻም፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ ያሳሰበኝ «እሷ እንኳ አታስቸግርም» ያሉት ነው። ሴቶች ልጆች ከወንዶች ቀድመው፣ ብዙዎቹ 11 እና 12 ዓመት ላይ፣ በፍጥነት ያድጋሉ፤ ስለዚህ ልጅዎ አሁን በዚያው ዘመን ላይ ሳትሆን አትቀርም። የወር አበባ ከመጣ በኋላ ደግሞ የብረት ፍላጎቷ ከወንድሟ ይበልጣል፤ ከ14 ዓመት ጀምሮ ለእሱ በቀን 11፣ ለእሷ 15 ሚሊ ግራም ይመከራል። ከአንድ ትሪ ሲበላ ፈጣኑ ይጠግባል፣ ዝምተኛዋ ዳር ዳሩን ትቀምሳለች። ለአንድ ሳምንት ወጡን በየሳህናቸው ለየብቻ አውጥተው እሷ በእርግጥ ስንት እንደምትበላ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ የእህት ልጅ ከገጠር መጥቶ እኛ ዘንድ ሆኖ ይማራል፤ 15 ዓመቱ ነው። እንጀራ ልጨምርልህ ስለው ሁልጊዜ «ጠግቤአለሁ፣ እትዬ» ይለኛል። ባለፈው ሌሊት ግን ከከረጢት ድርቆሽ እያወጣ በጨለማ ሲበላ አየሁት፤ እሱ አላየኝም። ሳላሳፍረው ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይጠይቁት። በእኛ አገር «ልጨምርልህ?» ለሚል ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከመጠየቁ በፊት የታወቀ ነው፤ እኛም ሰው ቤት ስንሄድ ሦስት ጊዜ ካልተለመንን እጃችንን አንዘረጋም። እንግዳ «በሞቴ» እየተባለ ይለመናል፤ ቤት ውስጥ የሚኖር ልጅ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ሊለመን አይችልም፣ እሱም የሚለመነው ስለሚከብደው ይሸሻል። ስለዚህ ለእሱም ለልጆችዎም እኩል አውጥተው ያቅርቡ፤ ሲያልቅ ሳይጠይቁ ለሁሉም ይጨምሩ። ከአዋቂዎች ይልቅ ከልጆቹ ጋር ቢበላ እጁ ይፈታል።

ከዚያ አልፎ በቤቱ ምግብ ላይ ሥልጣን ይስጡት። ቅዳሜ ከልጆችዎ ጋር ገብስና ሽምብራ እንዲቆላ ያድርጉ፤ «ይህ ዕቃ ሲጎድል የምትሞላው አንተ ነህ» ይበሉት። ከገጠር የመጣ ልጅ ምናልባት ከልጆችዎ የተሻለ ቆሎ መቁላት ያውቅ ይሆናል፤ እሱ ሲያሳያቸው ለራሱም ክብር ይሰማዋል። የቆላውን ቆሎ ዘግኖ ለመብላት ይሉኝታ አይዘውም። ዕቃውንም እርስዎ መኝታ ቤት ሳይሆን እሱ በሚያጠናበት ክፍል ያስቀምጡት። ያዩትን ሌሊት ግን ለእሱም ሆነ ለባለቤትዎ አያንሡ፤ የድርቆሹን ከረጢት እዚያው ይተዉትና አጠገቡ ጥቂት በርበሬ፣ ዘይትና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ያኑሩ።