ፀሐይ እያለ ኃይል ለምን ይቋረጣል?

ጥያቄ፦ በአንድ ከተማ አስተዳደር የመሠረተ ልማት ክፍል እሠራለሁ። በአስተዳደሩ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ካስተከልን ወዲህ የመብራት ክፍያችን ቀንሷል። በቅርቡ ግን ዋናው መስመር ሲቋረጥ፣ ሰማዩ ብሩህ ሆኖ ሳለ የእኛም ሕንፃ ኃይል አጣ። ብልሽት ነው? ሥራውን ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ ውኃ አገልግሎቱ ልናስፋፋ ስለሆነ ምክርዎን እንጠብቃለን።

መልስ፦ ብልሽት አይደለም። ከዋናው መስመር ጋር ተጣምሮ የሚሠራ ኢንቨርተር (ከሰሌዳዎቹ የሚመጣውን ኃይል ሕንፃው ወደሚጠቀምበት ዓይነት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) መስመሩ ኃይል ሲያጣ በራሱ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ባይቆም ኖሮ ከጣሪያዎ የሚመነጨው ኃይል ወደ መንገዱ ሽቦ አልፎ፣ መስመሩ ኃይል የለውም ብሎ የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችል ነበር። መሣሪያው የተገዛው ወጪ ለመቀነስ ነው፤ ያንንም አድርጓል። ኃይል ሲቋረጥ አገልግሎት ማስቀጠል ሌላ ዓላማ ስለሆነ፣ ባትሪ፣ ከባትሪ ጋር የሚሠራ ኢንቨርተርና ሕንፃውን ከዋናው መስመር የሚነጥል ማብሪያ ማጥፊያ ይፈልጋል። በግዢ ሰነዳችሁ ላይ ሁለቱ ዓላማዎች ተለይተው እንዲጻፉ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጤና ጣቢያውን በተመለከተ፣ የሰሌዳውን ብዛት ከመወሰናችሁ በፊት ለአንድ ሰዓት እንኳ መቆም የሌለበት ምን እንደሆነ ከባለሙያዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ ለዩ። ክትባት በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ስላለበት ማቀዝቀዣው ቅድሚያ ያገኛል፤ የማዋለጃ ክፍሉ መብራትም እንዲሁ። የሻይ ማፍያውና የቢሮው ማሞቂያ ግን ሊጠብቁ ይችላሉ። ለምሳሌ ያህል፣ የማይቆሙት መሣሪያዎች በቀን 11 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጁ ከሆነና ፀሐይ የሌለባቸውን ሁለት ቀናት መሻገር ከፈለጋችሁ፣ 22 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው። የሊቲየም ባትሪ 80 በመቶው ጥቅም ላይ ይውላል ብለን ብናሰላ 27.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ መግዛት ይኖርባችኋል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ የሚመረጠው የሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ ግን 44 ይደርሳል። በግዢው ዕለት ርካሽ የሚመስለው ባትሪ በዚህ ስሌት ብዙ ጊዜ ርካሽነቱ ይጠፋል።

የውኃ አገልግሎቱ ነገር ከዚህ ይቀላል፤ በዕቅድ ሲዘነጋ ግን ያሳዝነኛል። ከፍታ ላይ ያለ ታንከር ራሱ የኃይል ማከማቻ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ ውኃ 50 ሜትር ከፍ ለማድረግ የፓምፑ ብክነት ታስቦ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ 100 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ታንከር በቀን ብርሃን ሲሞላ 25 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሥራ አስቀድሞ ተሠርቶ ይቀመጣል፤ ሌሊት መስመሩ ቢቋረጥም ውኃው ያለ ፓምፕ በራሱ ይወርዳል። በዚህ ሥፍራ ገንዘባችሁን ከባትሪ ይልቅ በታንከር ላይ ብታውሉ የተሻለ ነው።

ያላችሁን የናፍጣ ጄኔሬተር አታስወግዱ፤ ፀሐዩና ባትሪው አብዛኛውን ሸክም ሲወስዱለት በመጋዘን ያለው ነዳጅ ለብዙ ተጨማሪ ቀናት ይበቃል። የሚቀመጥበትን ቦታ ግን መርምሩ። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ዮርክን ሲመታ፣ በቤልቪው የሕዝብ ሆስፒታል ጄኔሬተሮቹ በ13ኛው ፎቅ ላይ ደኅና ቢሆኑም፣ የነዳጅ ፓምፖቹ ያሉበት ምድር ቤት በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ሠራተኞቹ ነዳጁን በደረጃ እየተቀባበሉ አወጡ፤ በመጨረሻ ግን ሕሙማኑን ከሆስፒታሉ ማስወጣት ግድ ሆነ። ባትሪውም፣ ኢንቨርተሩም፣ የነዳጅ ፓምፑም ጎርፍ ከሚደርስበት በላይ ይሁኑ።

ሰሌዳው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ኢንቨርተሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው። ስለዚህ የመተኪያው ወጪ ከአሁኑ በበጀት ይያዝ፤ አቧራ የሚጠርግና ባትሪውን የሚከታተል ሠራተኛም በስም ይመደብ። ርክክቡን ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ በሥራ ሰዓት፣ ሁሉም ሠራተኛ አውቆ፣ ለሕክምናው አስፈላጊው ጥንቃቄ ተደርጎ፣ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉና የትኛው መሣሪያ እንደቆመ፣ የትኛው እንደቀጠለ ክፍል ለክፍል እየዞራችሁ መዝግቡ።