ስቲመር ከአሜሪካ ላስመጣ ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ «ወንድሜ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፤ ያቺን በእጅ የምትያዝ፣ ልብስ በእንፋሎት የምትተኩስ ስቲመር ላስመጣ ወይስ ካውያዬ ይበቃኛል? የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው» ያልሽውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ነኝ። አንቺ ልታደርጊ ያሰብሽውን አድርጌ ጉዴን አይቻለሁ።

1. ዛሬውኑ ደውይለት። ዕቃው ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። የኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ፣ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚያው ይተወው። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ያምጣው። አንዳንዷ ደግሞ ቮልቱን የሚቀይር ማዞሪያ አላት፤ ወደ 220 ሳታዞሪ እንዳትሰኪ።

የኔን ስሚ። የአክስቴ ልጅ አመጣችልኝ፣ ነጭ፣ የምታምር። የሶኬቷ እግር ጠፍጣፋ ስለነበር አዳፕተር ገዛሁና ነገሩ አለቀ አልኩ። ለካ አዳፕተር እግሩን እንጂ መብራቱን አይቀይርም! የከተራ ለት ጠዋት ቀሚሴን በሩ ላይ ሰቅዬ፣ ውሃ ሞልቼ ሰካኋት። ትንሽ አጓራችና ጷ! ብሬከሩ ወረደ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ ከአፏ የወጣው ጥቁር ውሃ ጥበቡ ላይ አረፈ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ፣ የኔው ሊበጣጠስ ምንም አልቀረው። ቀኑን ሙሉ ነጠላዬን ሆዴ ላይ ይዤ ዋልኩ፤ ያየኝ ሁሉ የበረደኝ መስሎታል።

ኤሌክትሪክ የሚማረው የወንድሜ ልጅ በኋላ አስልቶ አሳየኝ። ለ120 ቮልት የተሠራ 1,500 ዋት ማሞቂያ 220 ላይ ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ይስባል፣ ወደ 5,000 ዋት። የእንጀራ ምጣዴ እንኳ ያን ያህል አይስብም።

2. ትራንስፎርመር፣ ማለትም 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ዕቃ፣ ግዢ የሚልሽን አትስሚ። እኔ ሰምቼ ነው። ጠጋኙ የተቃጠለችውን ፊውዝ ቀይሮ ስቲመሯን አስነሳልኝና ትራንስፎርመር ካለሽ ትሠራለች አለኝ። መርካቶ ሄድኩ። «1,500 ዋት ይችላል ወይ?» ስል ሻጩ «እንኳን ይቺን ፍሪጅ ያስነሳል» አለኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ጀርባው ላይ 1,000 ይላል። አንድ ሸሚዝ ሳልጨርስ እጅ የማያስነካ ሆነ። በማግስቱ ያን የመሰለ ድንጋይ በፌስታል ይዤ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ መለስኩት። ሰውየው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ግድግዳው ላይ ያለችውን ወረቀት ጠቆመኝ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ስከራከረው ሰው ሁሉ እየሰማ «ይሄ ሁሉ ልብስ ለመተኮስ ነው? ካውያ የለሽም እንዴ?» አለኝ። ገንዘቡስ ይሁን፣ ያቺ ንግግሩ ግን እስከዛሬ ታንገበግበኛለች። ትራንስፎርመሩ አሁን በረንዳ ላይ ነው፣ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው ደግፎ ይዟል። ለሱ ሥራ ጎበዝ ነው።

ከዚያ በኋላ እዚሁ 220 ቮልት ገዛሁ። በሃይላንድ ውሃ ይዤ ሄጄ፣ እንፋሎቱ ሲወጣ ሳላይ ሒሳብ አልከፍልም አልኩ። ሻጩ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ።

3. ካውያሽን ግን እንዳትሸጪ። ፖሊስተር፣ ሹራብ፣ ኮት፣ መጋረጃ ለስቲመር ቀላል ነው፤ ተሰቅሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ስታሳልፊበት ይዘረጋል። የሱሪ መስመርና የጥጥ ሸሚዝ ኮሌታ ግን ያለ ካውያ አይሆንም። «የኔዋ እንፋሎቷ ደካማ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ እኮ ከፍታ ላይ ነን፣ አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ እንፋሎቱም ያን ያህል አይሞቅም። እኔ ግን ችግሩ ችኮላ ይመስለኛል። የልብሱን ጫፍ በግራ እጅሽ ወደ ታች ወጥሪና በቀስታ አውርጂ፣ ከዚያ እርጥበቱ እስኪወጣ ተሰቅሎ ይቆይ። ወዲያው ከለበስሽው ተመልሶ ይጨማደዳል።

የሐበሻ ቀሚስን ከውስጥ በኩል ነው የምተኩሰው። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበትን ጥበብ ካውያ ሲነካው ይኮማተራል፤ እንፋሎት ከራቅ ብሎ ሲሆን ምንም አይለው። ለብሰሽው ግን በፍጹም አትተኩሺ። እጅጌዬን «ቶሎ ላስተካክል» ብዬ ክርኔ ላይ ያተረፍኩት ጠባሳ አለ።

4 ላይ ነኝ መሰለኝ። ውሃው! የኛ ሰፈር ውሃ ጀበናም ላይ ነጭ ቅርፊት ሲሠራ ታዪው የለ? ያው ቅርፊት ስቲመሯ ውስጥ ይጋገርና አንድ ቀን ነጭ ነጠላሽ ላይ ቡናማ ጠብታ ይተፋል። እኔ አፍልቼ አሳድረዋለሁ፣ ዝቃጩን ትቼ ከላይ ያለውን ብቻ እቀዳለሁ። እስከ ምልክቷ እንጂ እስከ አፏ አትሙያት፣ አታጋድሚያትም። የመጀመሪያውን እንፋሎት ፎጣ ላይ ልቀቂው።

ቅዳሜ ጠዋትም አትሞክሪ። ሕንፃው ሁሉ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ይፈዛል፣ ስቲመሯም በእንፋሎት ፈንታ ለብ ያለ ውሃ ታንጠባጥባለች። እኔ ዓርብ ማታ እጨርሳለሁ። እሁድ ጠዋት ታዲያ ጎረቤቶቼ ቀሚሳቸውን በማንጠልጠያ ይዘው በሬን ያንኳኳሉ፤ «ካውያ የላችሁም እንዴ?» ብዬ እየቀለድኩ አስገባቸዋለሁ።

ወንድምሽ ፎቶውን ሲልክልሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አይቼ እነግርሻለሁ።