መልስ፦ ልጄ እንደ አባቱ ባሕር ኃይል ገብቶ ሄሊኮፕተር ማብረር ይፈልጋል
እህቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። ባለቤትሽ ምፅዋ ያገለገለ የባሕር ኃይል ሰው ነው። ልጅሽ በአባቱ ወሬ አድጎ አሁን ከመርከብ ላይ ሄሊኮፕተር ላብርር ይላል። «ደሴ ተወልዶ ባሕር ያላየ ልጅ ይሆንለታል ወይ?» ነው ያልሽው።

አብሽሪ፣ ይሆንለታል። እኔም ኮምቦልቻ ያደግሁ የወታደር ልጅ ነኝ። አባቴ ማታ ማታ ቡትስ ጫማውን ሲወለውል እያየሁ ነው ወታደርነትን የወደድኩት።

መንገዱ ግን ረጅም ነው። ባሕር ኃይላችን በ1983 ከነወደቡ ቀረ፤ መልሶ የማቋቋም ሥራው በ2011 ነው የተጀመረው። ስለዚህ የበረራው በር አየር ኃይል ነው፣ ቢሾፍቱ። ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ላይ ይበርታ። ዓይኑንም ከወዲሁ ይታይ።

ከባዱ መርከብ ላይ ማረፉ ነው። ወለሉ ከማዕበሉ ጋር ይወጣል ይወርዳል። አብራሪው ከመርከቡ እኩል እየበረረ፣ ረገብ እስኪል ጠብቆ ነው የሚያርፈው።

ሄሊኮፕተር ደግሞ ሞተሩ ከላይ ስለሆነ ውሃ ላይ ከወደቀ ይገለበጣል። ለዚህ ሲባል በብዙ አገር ሠልጣኙን ወንበር ላይ አስረው ገንዳ ውስጥ ይገለብጡታል። በአንድ እጁ የመስኮቱን ጠርዝ ይይዛል። መዞሩ እስኪቆም ይታገሣል። ቀበቶውን የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ከፈታ ላይና ታቹ ይጠፋዋል።

ልጅሽ ዋና ይችላል? ካልቻለ ሐይቅ ቅርባችሁ ነው፤ አባቱ ይዞት ይውረድና ራሱ ያስተምረው።