«ያስከትላል»፣ «ያስከትል ይሆናል» ወይስ «ሳያስከትል አይቀርም»?

ጥያቄ፦ የጤና ዜናዎችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሰሞኑን «ኬሚካሉ ካንሰር እንደሚያስከትል በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት አረጋገጠ» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ «ሊያስከትል እንደሚችል» ብሎ አረመው። ባልደረባዬ ደግሞ «ለካንሰር እንደሚያጋልጥ» ይሻላል አለችኝ። ልዩነት አላቸው? ደግሞስ «ካንሰር» ልበል ወይስ «ነቀርሳ»?

መልስ፦ ልዩነት አላቸው፤ ትልቅ ልዩነት። አንባቢ የሚደነግጠውም የሚረጋጋውም በዚህች አንዲት ግስ ነው። ለእኔ ግን ከሦስቱም የሚበልጥ አራተኛ አለ፤ ተራው «አስከተለ»። ለምን እንደሆነ እንዲታይ ሙከራውን ራሱን ቀረብ ብለን እንየው።

የተለመደው የካንሰር ሙከራ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ለቤተ ሙከራ አይጥ ይህ የዕድሜው አብዛኛው ክፍል ነው። አይጦቹ በቡድን ይከፈላሉ፤ በየቡድኑ ብዙውን ጊዜ 50 ወንድና 50 ሴት ይገባሉ። አንዱ ቡድን ኬሚካሉን ጨርሶ አይቀምስም፤ ለማነጻጸሪያ የተቀመጠ ነው። ሌሎቹ እንደየምድባቸው ትንሽ፣ መካከለኛ ወይም ብዙ ይሰጣቸዋል። በምግብ፣ በውሃ፣ በሚተነፍሱት አየር ወይም በቱቦ በቀጥታ ወደ ጨጓራ ሊሆን ይችላል። ከፍተኛው መጠን እንስሳው በመመረዝ ሳይሞት የሚሸከመው የመጨረሻው ልክ ነው። ያን ያህል የሚሰጠው በጭካኔ አይደለም። ከሺህ አንዱን ብቻ የሚይዝ ካንሰር 50 አይጦች ውስጥ አንድም ጊዜ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። መጠኑ ከፍ ሲል ግን ችግሩ ካለ የመታየት ዕድል ያገኛል።

ሁለት ዓመቱ ሲሞላ የየአይጡ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ሳንባና ፊኛ በስስ በስሱ እየተቆረጠ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ታዲያ ማነጻጸሪያው ቡድን ውስጥም ዕጢ ይገኛል! ያረጀ አይጥ ምንም ሳይነካው ዕጢ ያበቅላልና። ስለዚህ ተመራማሪው የሚለን «ዕጢ ወጣባቸው» ብቻ አይደለም። «ኬሚካሉን ያገኙት ላይ፣ ካላገኙት ይልቅ ዕጢ በዛ» ነው የሚለን።

አሁን ወደ ግሱ። «ያስከትላል» ሁለት ሥራ አለው። የሁልጊዜን ነገር ይናገራል፤ «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች» እንደምንለው። የሚመጣውንም ይናገራል፤ «ነገ ትመጣለች» እንደምንለው። አንባቢ «ካንሰር ያስከትላል» የሚለውን ሲያነብ ሁለቱም ባንዴ ይሰሙታል፤ «ሁሌም እንዲህ ነው፣ እኔም ላይ ይደርሳል»። ሙከራው ግን ይህን አላለም። ሙከራው አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነው። የሆነን ነገር የሚናገርልን የኃላፊ ጊዜ ነው፦ አስከተለ፣ ታየ፣ በዛ፣ ተገኘ።

ይህ ጥቃቅን መልቀም አይደለም። ሳካሪን የሚባለውን ማጣፈጫ እንውሰድ። ብዙ ሳካሪን የተመገቡ አይጦች ፊኛ ላይ ዕጢ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1977 ካናዳ ምግብ ውስጥ እንዳይገባ አገደችው። የአሜሪካ መንግሥትም ሊያግደው ተነሳ፤ ምክር ቤቱ እገዳውን አዘግይቶ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አደረገ። ኋላ ላይ የነገሩ አካሄድ ታወቀ። ሶዲየም ሳካሪን በብዛት ሲወሰድ በአይጡ ሽንት ውስጥ ጥቃቅን ጠጣር ነገር ይፈጠራል። እሱ የፊኛውን ግድግዳ ይፍቃል። የተፋቀው ግድግዳ ራሱን ለመጠገን ሕዋሱን ደጋግሞ ሲያባዛ ዕጢ ይወጣል። የሰው ሽንት ውስጥ ይህ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳካሪን ከአሜሪካ የካንሰር አምጪዎች ዝርዝር ወጣ፤ ማስጠንቀቂያውም ተነሳ።

እንግዲህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን እናስተያይ። «ሳካሪን በአይጦች ፊኛ ላይ ዕጢ አስከተለ» የሚለው በ1977ም እውነት ነበር፤ ዛሬም እውነት ነው። «ሳካሪን የፊኛ ካንሰር ያስከትላል» ብሎ የጻፈ ግን ማስተባበያ ያስፈልገዋል።

«አስከተለ» ማለት ነገሩን ማቃለልም አይደለም። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ቼዛሬ ማልቶኒ ቪኒል ክሎራይድ የሚባለውን ፕላስቲክ የሚሠራበት ጋዝ የተነፈሱ አይጦች ጉበት ላይ እጅግ ብርቅ የሆነ ካንሰር አየ። እ.ኤ.አ. በ1974 ያው ብርቅ ካንሰር የፕላስቲክ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ መታየቱ ይፋ ሆነ። አይጦቹ ቀድመው ተናግረው ነበር። እንዲህ ያለውን ምልክት ሳያጋንኑም ሳያሳንሱም ለሕዝብ ማድረስ የእርስዎ ሥራ ነው፤ ከባድ ሥራም ነው።

የአርታኢዎ «ሊያስከትል ይችላል» ጥሩ አሳብ ይዟል፤ ግን ችግር አለበት። «ሲጋራ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» ስንል ጥርጣሬው ያለው በአጫሹ ላይ ነው። የትኛውን አጫሽ እንደሚይዘው አናውቅም እንጂ ሲጋራው ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ነው። ሌላውን ማጣፈጫ አስፓርቴምን ወስደን «አስፓርቴም ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» ስንል ግን የምንጠራጠረው አስፓርቴምን ራሱን ነው። ሁለት የማይገናኙ ጥርጣሬዎች አንድ ልብስ ለበሱ። አንባቢ በምን ይለያቸው?

ደግነቱ አማርኛ ጥርጣሬን በደረጃ የሚገልጽበት አነጋገር አያጣም። ፈረንሳይ ውስጥ ሊዮን ከተማ ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ነገሮችን እንደ ማስረጃቸው ጥንካሬ ይመድባል። ምድብ 1 ለሰው ካንሰር አምጪ መሆናቸው የተረጋገጠ ነው፤ እዚህ ላይ «ያስከትላል» ብለን በድፍረት እንጽፋለን። ምድብ 2ኤ ወደ እርግጠኝነት ያዘነበለ ነው፤ ለዚህ «ሳያስከትል አይቀርም» ልክክ ይላል። ድንች በኃይለኛ ሙቀት ሲጠበስ የሚፈጠረው አክሪላማይድ እዚህ ነው ያለው፤ በእንስሳት ላይ የተገኘው ማስረጃ ጠንካራ ስለሆነ። ምድብ 2ቢ ማስረጃው የሳሳ ነው፤ ለሱ «ያስከትል ይሆናል» እላለሁ። አስፓርቴም እ.ኤ.አ. በ2023 የገባው እዚህ ነው። ምድቡ ግን የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን ትልቅነት አይለካም። ሲጋራና በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ ሁለቱም ምድብ 1 ናቸው፤ ጉዳታቸው ግን እኩል ነው ማለት አይደለም።

የባልደረባዎን «ያጋልጣል» ለሌላ ቦታ ያቆዩት። በዚህ ሙያ «መጋለጥ» ሥራ የያዘ ቃል ነው፤ «ለኬሚካሉ የተጋለጡ ሠራተኞች» እንላለን። አንድ ዜና ውስጥ ሰው ለኬሚካሉም ለካንሰሩም ከተጋለጠ አንባቢ ይምታታበታል።

«አረጋገጠ»ንም ይተዉት። አንድ ጥናት ያሳያል፣ ያመለክታል፤ ማረጋገጥ የብዙ ጥናቶች ድምር ነው። እኔ ብሆን ዜናውን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ለሁለት ዓመት ኬሚካሉን በብዛት የተመገቡ አይጦች ጉበት ላይ ካልተመገቡት የበለጠ ዕጢ ታየ።» ይረዝማል፤ ግን ማን፣ ምን ያህል፣ ከማን ጋር ሲነጻጸር የሚለው ሁሉ አለበት። ለርዕስ ከረዘመ «በአይጦች ላይ» የሚለው ብቻ አይቆረጥ።

«አይጥ» ራሱ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሙከራው ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓይነት እንስሳ ነው የሚካሄደው፤ አንዷ ትንሿ አይጥ፣ ሁለተኛው ትልቁ አይጠ መጎጥ። እኛ ሁለቱንም «አይጥ» ብለን እናልፋለን። ውጤቱ ግን ይለያያል፤ የሳካሪኑ ዕጢ የታየው በትልቁ እንጂ በትንሿ አይደለም። ሁለቱ ሲለያዩ «ትልቁ አይጥ»፣ «ትንሿ አይጥ» ማለት ይበቃል።

«ዕጢ»ም ሁለት ትርጉም አለው። «የታይሮይድ ዕጢ» ስንል ጤነኛው የሰውነት ክፍል ነው። ስለዚህ «የታይሮይድ ዕጢ ተገኘ» አይጻፍ፤ «በታይሮይድ ዕጢ ላይ እባጭ ተገኘ» ይባል። ዕጢ ሁሉ ካንሰር አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። ሙከራው ላይ ጉዳት የሌለውም አደገኛውም ይቆጠራል፤ ጥናቱ ከለያቸው እርስዎም ይለዩ።

«ነቀርሳ» የቆየና የማይነቀፍ ቃል ነው። በዜና ግን «ካንሰር» ይበሉ። «የሳንባ ነቀርሳ» ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢው የሚረዳው ቲቢን ነውና።