ኮርነርባክ ለምትሆኑ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሃይስኩል ልጆችን የአሜሪካ ፉትቦል ማሰልጠን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። እኔ የምይዘው የኋላ ተከላካዮቹን፣ ኮርነርባኮቹንና ሴፍቲዎቹን ነው። ከመካከላችሁ የሐበሻ ልጆችም አላችሁ። ቤት ውስጥ ኳስ ሲባል በእግር የሚመታው ብቻ ስለሆነ ሥራችሁን ለአባታችሁ ማስረዳት እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ።

ሥራው ከባድ ነው። ሪሲቨሩ፣ የሚወረወረውን ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች፣ ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል፤ እናንተ አታውቁም። እሱ ወደፊት ሲሮጥ እናንተ የኋሊት ነው የምትጀምሩት። በኤንኤፍኤል፣ በፕሮፌሽናሎቹ ሊግ፣ ደግሞ ጨዋታው ከሚጀመርበት መስመር 5 ያርድ ካለፈ በኋላ ገፍታችሁ ልታስቀሩት አትችሉም። ስለዚህ ዓይናችሁን ወገቡ ላይ ትከሉ። በጭንቅላቱና በትከሻው ይሸውዳችኋል፤ ወገቡ ግን አይዋሽም።

እንዲያም ሆኖ ትበለጣላችሁ። ያልተበለጠ ኮርነርባክ አላየሁም።

የፓትሪዮትስ ኮርነርባክ የነበረውን ማልኮም በትለርን ተመልከቱ። በድራፍት፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት፣ የመረጠው ቡድን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 ፓትሪዮትስ ከሲሃውክስ ጋር ለሱፐር ቦውል፣ ለሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሲዘጋጁ፣ ልምምድ ላይ በአንድ የጎል መስመር አጨዋወት ተበለጠ። በጨዋታው መጨረሻ ላይ ደግሞ የሲሃውክሱን ሪሲቨር ጀርሜይን ኪርስን ሲከላከል አብሮት ዘለለ፤ ኳሱንም ነካው። ኪርስ ግን በጀርባው እንደወደቀ፣ እግሩ ላይ የነጠረውን ኳስ ያዘው። በትለር ምን ያጠፋው ነገር ነበር? ምንም። በትክክል ተከላክሎም ተያዘበት። እኔን የሚያመኝ እንዲህ ያለው ነው።

ትንሽ ቆይቶ ሲሃውክስ ለጎል መስመሩ 1 ያርድ ቀራቸው። በትለር ሁለት ሪሲቨሮች ተጠጋግተው ሲቆሙ አየ። ልምምድ ላይ የተበለጠበት አጨዋወት ነበር! የሲሃውክሱ ኳስ ወርዋሪ ራስል ዊልሰን ሲወረውር በትለር ቀድሞ ደርሶ ኳሱን ጠለፈ። ጨዋታው ሊያልቅ 20 ሰከንድ ገደማ ሲቀር መሆኑ ነው። ፓትሪዮትስ 28 ለ 24 አሸነፉ።

ጎል ሲገባባችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ፣ አባታችሁ የተቀመጡበትን ወንበር ላለማየት ስትሸሹ አያችኋለሁ። አንጀቴን ትበሉታላችሁ። ግን ያኔ እኔ ጋ ኑና አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፦ ሪሲቨሩ ከመታጠፉ በፊት የተከለው የትኛውን እግሩን ነበር? ቀኝ ወይስ ግራ? ካላያችሁት አላየሁም በሉኝ፤ አልቆጣም። ከዚያ ሄልሜታችሁን አጥልቃችሁ እዚያው ልጅ ፊት ሄዳችሁ ቁሙ።