የጌም ኦፍ ትሮንስ መጨረሻ እውነት ያን ያህል መጥፎ ነው? ለሚለው ጥያቄ መልስ

ሰላም ወንድሜ። ያልከው ባጭሩ ይህ ነው፦ ኤችቢኦ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ያሠራውን ተከታታይ ድራማ ጌም ኦፍ ትሮንስን ዘግይተህ ጀምረህ ጨረስክ፣ መጨረሻውም ያን ያህል አላስከፋህም። ተመልካች ነጥብ በሚሰጥበት ድረ ገጽ አይኤምዲቢ ላይ ግን የመጨረሻው ክፍል ከ10 4.0 ብቻ ነው ያለው፤ ሲዝኑ ደግሞ ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ወስዷል፤ ማንን ልመን? በዚያ ላይ የስምንተኛው ሲዝን ሦስተኛ ክፍል ቲቪህ ላይ ድቅድቅ ጨለማ ሆኖብሃል። ያላያችሁት ከዚህ በታች አታንብቡ፣ ስፖይለር ነው።

ቁጣው በዋናነት በሆነው ነገር ላይ ሳይሆን እዚያ በተደረሰበት ጥድፊያ ላይ ነበር። ዙፋኑን የምትፈልገው ባለ ድራጎኗ ዴኔሪስ ከተማ ማቃጠሏ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። በመጀመሪያው ሲዝን ወንድሟ ላይ የቀለጠ ወርቅ ሲፈስበት ፊቷ ሳይለወጥ አይታለች። በአራተኛው ሚሪን የተባለች ከተማ ውስጥ 163 የባሪያ ጌቶችን ቸንክራ ሰቅላለች። በሰባተኛው አንንበረከክም ያሏትን የታርሊ አባትና ልጅ በድራጎን እሳት አንድዳለች። ያልተሠራው የመጨረሻው እርምጃ ነው። በስምንተኛው ሲዝን አራተኛ ክፍል ድራጎኗ ሬጋል ይሞታል፣ የቅርብ ጓደኛዋ ሚሳንዴ አንገቷ ይቀላል፤ በአምስተኛው አማካሪዋ ቫሪስ ይከዳታል፣ ፍቅረኛዋ ጆን ይሸሻታል፣ ከዚያ የእጅ መስጠት ደወል ተደውሎም ከተማዋን ታነዳለች። ቢያንስ ግማሽ ሲዝን የሚፈልግ ለውጥ ሁለት ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቋል። በሬጋል ሞት ላይ ደግሞ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዴቪድ ቤኒኦፍ፣ ዴኔሪስ የጠላቷን የዩሮንን መርከቦች ረስታቸው ነበር ዓይነት ማብራሪያ መስጠቱ እስከ ዛሬ መሳለቂያ ነው።

ቁጥሩን ተመልከት። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ሲዝን እያንዳንዱ 10 ክፍል ነበረው፣ ሰባተኛው 7፣ ስምንተኛው 6፤ በድምሩ 73። የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ረዘም ማለታቸው (ሦስተኛው 82 ደቂቃ ነው) ጉድለቱን አልሸፈነም። ኤችቢኦ ተጨማሪ ሲዝን ለመሥራት ፈቃደኛ ነበር፤ በዚህ ይብቃ ያሉት ቤኒኦፍና አብሮት የጻፈው ዋይስ ናቸው። ተከታታዩ የተመሠረተበት መጽሐፍም አልደረሰላቸውም። አምስተኛው ቅጽ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስድስተኛው ደግሞ ተከታታዩ ሲያልቅ ገና አልታተመም ነበር፤ ስለዚህ መድረሻውን ከደራሲው ሰምተው መንገዱን ራሳቸው ሠሩት። ልዩነቱን በጉዞ ብቻ እንኳ ታየዋለህ፦ በመጀመሪያው ክፍል ንግሥቲቱ ሰርሲ ሰሜን ያለው የዊንተርፌል ግንብ ስትደርስ አንድ ወር ሙሉ መንገድ ላይ እንደነበሩ ትናገራለች፤ ወደ መጨረሻው ግን ሰው ከሰሜን ደቡብ የሚደርሰው ካሜራው እስኪዞር ነው።

በእኔ ግምት ከዴኔሪስ ይልቅ የማያሳምነው ከሰሜን የመጣው የስታርክ ልጅ የብራን ንግሥና ነው። ልጁ በአምስተኛው ሲዝን ጭራሽ የለም። በሰባተኛው ሲዝን ሦስተኛ ክፍል ለእህቱ ለሳንሳ የምንም ነገር ጌታ መሆን እንደማይችል ይነግራታል፤ በመጨረሻው ክፍል ሲጠየቅ ግን ይህን ሁሉ መንገድ ለምን የመጣሁ ይመስላችኋል ይላል። ምርጫውን ያቀረበው ደግሞ በሰንሰለት የታሰረው የዴኔሪስ አማካሪ የነበረው ቲሪዮን ነው። ሳንሳ የሰሜንን ነፃነት ስትጠይቅ እሺ ትባላለች፤ ከዴኔሪስ የነፃነት ቃል የተገባላት የአይረን ደሴቶች መሪ ያራ እዚያው ተቀምጣ ትንፍሽ አትልም። ይህን ሁለተኛ ጊዜ ስታይ ነው የምታስተውለው።

ወደ 4.0 እንሂድ። አማካይ ብቻውን ያታልላል። የክፍሉን ገጽ ከፍተህ ነጥቡን ስትነካ ከ1 እስከ 10 ስንት ሰው እንደሰጠ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይወጣል፤ እሱን አንብብ። ግማሹ ሰው 1፣ ግማሹ 7 ቢሰጥ አማካዩ 4 ነው፣ ግን 4 የሰጠ አንድም ሰው የለም። ድምፅ ጫፍና ጫፍ ላይ ሲከመር የምታነበው የንዴትና የእልህ ድምፅ ነው። ቢሆንም ሁሉም የተንኮል ዘመቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የስምንተኛው ሲዝን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ከ7.5 በላይ ይዘው ከአራተኛው ጀምሮ ነጥቡ ወደ 6 ግድም ወርዷል፣ ከዚያ ወደ 4። ከጅምሩ ሊያጠፋ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ክፍል አይምርም። የሃያሲያንን ግምገማ በሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ ላይ የመጨረሻው ክፍል ያለው 47 በመቶም ከመቶ የተሰጠ ማርክ አይደለም፤ ከሃያሲዎቹ ከግማሽ በታቹ ወደዱት ማለት ነው።

ሲዝኑ በብቁ ጸሐፊዎች እንደገና ይሠራ የሚለው ቼንጅ ዶት ኦርግ ላይ የወጣ አቤቱታ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አግኝቷል። ነገር ግን ፈራሚው ክፍሉን ማየቱን የሚያጣራ የለም፤ ብዙው ፊርማም የመጨረሻው ክፍል ከመተላለፉ በፊት የተሰበሰበ ነው። በሌላ በኩል በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው ክፍል በተላለፈበት ምሽት በአሜሪካ 19.3 ሚሊዮን ሰው አየው መባሉም መውደድን አይለካም፤ መጓጓትን ነው የሚለካው። እኛ ጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስለነበር ብዙ ሰው ጠዋት ቅንጭብጫቢ ቪዲዮና ቀልድ አይቶ ነው ወደ ክፍሉ የገባው፤ ይህም ስሜቱ ላይ የራሱ ድርሻ አለው።

ኤሚው አያጣላህ። ሲዝኑ ካገኛቸው 12 ሽልማቶች 10ሩ አልባሳት፣ ሙዚቃ፣ የእይታ ውጤትና የመሳሰሉት የሚሸለሙበት ዘርፍ ናቸው፤ በዋናው ምሽት የወሰደው ምርጥ ድራማንና ቲሪዮንን የተጫወተውን የፒተር ዲንክሌጅን ነው። የመጨረሻው ክፍል በድርሰት ታጭቶ ተሸንፏል። እንግዲህ ተመልካቹም የኤሚ መራጮችም ያን ያህል አልተለያዩም።

ከዚህ ታሪክ በፊት የሆነውን የሚተርከውን ሌላ ተከታታይ፣ ሀውስ ኦፍ ዘ ድራገንን ልትቀጥል ከሆነ፣ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ያበቃው ሁለተኛ ሲዝን ላይ ቅሬታው የተገላቢጦሽ ነበር፦ ክፍሎቹ ከ10 ወደ 8 ተቀንሰው፣ ሠራዊቱ ሁሉ ተነቃንቆ ውጊያው ሳይጀመር አለቀ።

አሁን ጨለማው። የካሜራ ባለሙያው ፋቢያን ዋግነር ሆን ብሎ አጨልሞታል፣ የቲቪያችሁን ማስተካከያ እዩ ብሎም ተከራክሯል። ሌላው ግማሽ ግን የፋይሉ ጣጣ ነው። 82 ደቂቃውን በ350 ሜጋባይት ከያዝከው በሰከንድ 0.6 ሜጋቢት እንኳ አይሞላም፤ መጭመቂያው መጀመሪያ የሚጥለው ጥቁር ውስጥ ያለውን ዝርዝር ስለሆነ ጭሱና በረዶው አራት ማዕዘን ይሆናል። 3 ጊጋባይት ቢሆን ወደ 5 ሜጋቢት ይጠጋል፣ ይታያል። በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ያገኘኸው ትንሹ ፋይል ከሆነ ቲቪውን መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

ፋይሉ ደህና ከሆነ የክፍሉን መብራት አጥፋ፣ መጋረጃ ዝጋ። ፒክቸር ሞዱን ከቪቪድ ወይም ዳይናሚክ አውጥተህ ሲኒማ ወይም ሙቪ ላይ አድርግ። ኢኮን (ኃይል ቆጣቢውን) አጥፋ፤ ቤቱ ሲጨልም እሱም ስክሪኑን ያደበዝዛል። ከዚያ ባክላይቱን (የስክሪኑን የጀርባ ብርሃን) ወደ ላይ፣ ሻርፕነስን ወደ ዜሮ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብራይትነስን መጀመሪያ ሲጨምር ነው፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆንና የተበላሸው ሁሉ ይወጣል። ከሁለት ሦስት ነጥብ አትለፍ። አሁንም ከጨለመ ጋማን (ጥላው ምን ያህል እንደሚደምቅ የሚወስነውን) ከ2.4 ወደ 2.2 አውርድ። በኤችዲኤምአይ ከኮምፒውተር የምታይ ከሆነ የቀለም ክልሉ (ሬንጅ) ኮምፒውተሩ ፉል፣ ቲቪው ሊሚትድ ላይ ሆነው እንዳይሆን አረጋግጥ፤ ያኔ ከ0 እስከ 255 ባለው የብርሃን መለኪያ ከ16 በታች ያለው ጥላ በሙሉ ይዋጣል። መሞከሪያህ የዴኔሪስ ፈረሰኞች ዶትራኪዎቹ የሚነደውን ሰይፍ ይዘው የሚጋልቡበት ቦታ ይሁን፦ እሳቱ ሩቅ ሄዶ ከጠፋ በኋላ፣ ቆመው የሚጠብቁት ወታደሮች የራስ ቁር ጠርዝ ከታየህ ማስተካከያው በቂ ነው።